ስም ነው ወይስ ትእዛዝ?

ስም ጠሪው መዝገቡ ላይ «አበበ፤ በሩን ክፈት» የሚል ተጽፎ ቢያገኝ ምን ያደርጋል? ሰው ነውና ይስቃል። መሣሪያ ቢሆን ግን ዝም ብሎ ተነሥቶ በሩን ይከፍት ይሆናል። በኔትወርክ የፋይል ማከማቻዎች ላይ የሚደርሰው የትእዛዝ ሾልኮ መግባት እንዲህ ያለ ነው።

ማከማቻው ብዙ ኮምፒውተሮች ፋይል በጋራ የሚያኖሩበት ሣጥን ነው፤ ራሱም ትእዛዝ የሚፈጽም አነስተኛ ኮምፒውተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአንዳንድ የዛይክሴል ማከማቻዎች መግቢያ ላይ በስም ቦታ የተጻፈው ሳይጣራ ያልፍ እንደነበር ታወቀ። ከስሙ ቀጥሎ መለያ ምልክት ከገባ፣ መሣሪያው የሚከተለውን እንደ ትእዛዝ ይፈጽመዋል። ከዚህም የተነሣ ጠንካራ የይለፍ ቃል ብቻውን አላዳነም፤ አጥቂው ቁልፉን ሳይነካ ይገባ ነበርና። ኩባንያው ማረሚያ ቢያወጣም ላረጁት ሞዴሎች አላወጣም። በ2024 በዲሊንክ አሮጌ ማከማቻዎች ተመሳሳይ ቀዳዳ ሲገኝም የተሰጠው ምክር መሣሪያዎቹን መተካት ነበር።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

1. ማረሚያ እንደ ወጣ ሳንውል ሳናድር እንጫን።
2. ማከማቻው ከኢንተርኔት በቀጥታ እንዳይደረስበት በውስጥ መስመር ብቻ እናቆየው።
3. ማረሚያ የቀረበትን አሮጌ መሣሪያ፣ «ገና ይሠራል እኮ» ሳንል እንተካው።
4. የፋይሎቹን ቅጂ ከመስመር በተነቀለ ሌላ ዲስክ እንያዝ።

ፕሮግራም የምንጽፍና የምናስተምር ደግሞ በስም ቦታ የገባውን ሁሉ እንደ ስም ብቻ የሚቀበል ሥራ እንሥራ። የተማሪዎች የዓመት ውጤት በአንዲት ሣጥን ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ አደራው የሁላችንም ነው።