መንገድ ለምን ይቀይራሉ?

«ዕድሜዬን ሙሉ በሊማሊሞ ላይ ከባድ መኪና ስነዳ ኖሬ ዘንድሮ 60 ሞልቶኝ ጡረታ ወጣሁ። ስንት ጓደኛዬ ገደል በገባበት መንገድ እኔን ቅዱስ ሚካኤል ጭረት ሳይነካኝ አወጣኝ። ለኅዳር ሚካኤል ሰንጋ ጥዬ አገር ላበላ ተስያለሁ። ልጆቼ ‹በዚህ ኑሮ ውድነት ከየት መጥቶ? ለቤተ ክርስቲያኑ ጃንጥላ ይበቃል› ይላሉ። ተበድሬም ቢሆን ስለቴን ላግባ ወይስ ልጆቼን ልስማ? ዳገት ላይ እግሩን ያጣው ረዳቴ እዚሁ ዛሪማ ነው ያለው፤ ገበያ ላይ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ። ይምከሩኝ።»
ጡረተኛው ሾፌር፣ ከዛሪማ

ጋሼ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው ያ መንገድ ከደባርቅ ብርድ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ዛሪማ ቆላ ላይ ይጥላል። ጭነት የያዘ ተሳቢ በፍሬን ብቻ ልውረድ ካለ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ይላል፤ በከባድ ማርሽ፣ በትዕግሥት ነው የሚወረደው። እዚያ ላይ ሠርቶ ለጡረታ መብቃት ምስጋና ይገባዋል።

ስለ ሰንጋው፦ አይበደሩ፤ ከንስሐ አባትዎ ጋር ተመካክረው እንደ አቅምዎ ያድርጉት።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ነገር ናት። «ገበያ ላይ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ።» ስለ ሰንጋውና ስለ ጃንጥላው ያን ሁሉ ሲጽፉ ለረዳትዎ የደረሰችው ይህችው ናት። ስሙን እንኳ አላነሡም። ደብዳቤውን ደግሜ ሳነበው የስለት ጥያቄ መሆኑ ቀረብኝ።

የረዳትን ሥራ ለእርስዎ አልነግርም፤ ለማያውቅ አንባቢ ግን ልበል። መኪናው ዳገት ላይ አቅም ሲያጣ ከጋቢና ዘሎ የሚወርደው እሱ ነው። ታኮ ካለ ታኮ፣ ከሌለ ድንጋይ አንሥቶ ወደ ኋላ ጎማ ይሮጣል። መኪናው ወደ ኋላ ሲንሸራተት ጎማው ሥር የሚገባው የእሱ እጅና እግር ነው፤ ሾፌሩ ግን ላይ ጋቢና ውስጥ መሪውን እንደጨበጠ ነው። «ጭረት ሳይነካኝ» አሉ። ረዳትዎ እግሩን ባጣ ቀን ግን መኪናው ላይ የመጣው አደጋ እሱን አግኝቶታል። መልአኩ ጠበቀኝ ሲሉ የሰውዬውን እግር ከሒሳቡ አውጥተውታል፤ ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ደግሞም የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ በሥራ ላይ ለተጎዳም ያስባል። ረዳት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጠረው በቃል ነው፤ ስሙ የትም መዝገብ ላይ አይገኝም። እርስዎ በየወሩ ጡረታዎን ሲቀበሉ እሱ ምን ይቀበላል? ያን ቀን ለእርስዎ ሲሠራ እንደነበር ቆሞ የሚመሰክርለትስ ማን አለ?

ምናልባት ገንዘብ ይጠይቀኛል ብለው አይደለም የሚሸሹት። ምናልባት «ፍሬኑን ቀድሜ ለቅቄ ይሆን?» የሚል ነገር ውስጥዎን ሲበላው ኖሯል። ከሆነ እሱም ያውቀዋል ጋሼ፤ እርስዎ እስኪነግሩት እየጠበቀም ይሆናል።

በድግሱ ቀን ከነዳያን ጋር ተቀምጦ እንዲበላ እንዳይጠሩት። ከኅዳር 12 በፊት ቤቱ ይሂዱ፤ ባዶ እጅዎንም አይሂዱ። የዚያን ቀን ነገር እርስዎ ይጀምሩለት። ቢቆጣ ተቀምጠው ይስሙት፤ በሩን ቢዘጋብዎት በማግሥቱ ይመለሱ።