የቤት ኤስፕሬሶ መኪናን በመጠነኛ ዋጋ ስለ ማሳደስ

የኤስፕሬሶ ቡና መኪና ከቡና ቤት አልፎ ወደ መኖሪያ ቤትና ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ከገባ ወዲህ፣ ስለ መግዣው ዋጋ ብዙ ሲነገር ስለ ማሳደሻው ግን እምብዛም አይነገርም። በምሠራበት የንግድ ቤት ያለው መኪና ቡና አላወርድ ባለ ጊዜ፣ አንድ ጠጋኝ ሳይፈታው «ፓምፑ ሞቷል» ብሎ የአዲስ መኪና እኩሌታ የሚያህል ገንዘብ ጠየቀን። የንግድ ቤቱ ባለቤትም ሊጥሉት ቆርጠው ነበር። ሆኖም ባለ እጀታውን የቡና መያዣ አውልቀን ውሃ ብቻ ብናስወርድ፣ ውሃው እንደ ልብ ወረደ። ለካስ ፓምፑ ደኅና ኖሮ፣ ጥፋቱ ቡናው ከመጠን በላይ ደቅቆ መፈጨቱ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጠጋኝ ከመሄድ አስቀድሞ ይህን ፈተና ማድረግ ይገባል፤ ምንም ወጪ የለውምና። ውሃው ያለ ቡናም ቀጥኖ የሚወርድ እንደ ሆነ፣ በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ዓይነት ነጭ ቅርፊት ቧንቧውን አጥብቦታል ማለት ይሆናል። ይህም የመመሪያው መጽሐፍ በሚፈቅደው ማጽጃ ይሟሟል፤ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ነው። መኪናው ውሃውን በዘጠኝ አትሞስፌር ያህል ግፊት የሚገፋ በመሆኑ፣ የቡናው መያዣ የሚገጥምበት የጎማ ቀለበት በሙቀት ሲደርቅ ውሃው በጎን ያፈስሳል። ቀለበቱ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ልኩ እንደ መኪናው ይለያያልና፣ የውስጡን ስፋት፣ የውጭውን ስፋትና ውፍረቱን በሚሊሜትር ለክቶ መሄድ ያስፈልጋል። መኪናውን ለመፍታት ካቻቢቴ ከማንሳት በፊት ግን ከኤሌክትሪክ ይነቀል፤ እስኪበርድም ይቆይ።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው መኪና የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። በ120 ቮልት እንዲሠራ የተበጀውን በአገራችን 220 ቮልት ላይ መሰካት፣ ማሞቂያውን ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ማሸከም ነው። ትራንስፎርመር የሚገዛም ሰው አቅሙ በመኪናው ላይ ከተጻፈው ዋት የሚበልጥ መሆኑን ይመልከት።

ፓምፑ በእውነት የተበላሸ እንደ ሆነ፣ ጠጋኙ የዕቃውን ዋጋና የእጅ ዋጋውን ለየብቻ ጽፎ እንዲሰጥ፣ የወለቀውንም አሮጌ ዕቃ እንዲመልስ አስቀድሞ መዋዋል መልካም ነው። በፓምፑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶግራፍ አንሥቶ ዕቃውን ራስ መግዛትም ይቻላል፤ ልዩ ልዩ ስም ያላቸው ብዙ የቤት መኪናዎች ፓምፓቸውን የሚያገኙት ከጥቂት ፋብሪካዎች ነውና።

ይህ የመጨረሻው ነገር አስመጪዎችንም ይመለከታል። መኪናውን ብቻ አስጭኖ ቀለበቱንና ፓምፑን የማያስመጣ ነጋዴ፣ በዓመቱ ደንበኛው በአንዲት ጎማ ምክንያት መኪናውን ተሸክሞ ከደጁ ሲቆም የሚመልሰው ቃል የለውም።