የሩዝ ቅጠል ቀዳዳና ፖታሲየም

ጥያቄ፦ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ አመርታለሁ። ፖታሲየም የቅጠልን ቀዳዳ ይከፍታል፣ ይዘጋል ሲባል ሰማሁ። እንዴት? ገለባውን ለከብት ስሰጥስ ምን አጣለሁ? (ከወረታ)

መልስ፦ እያንዳንዱን ቀዳዳ ሁለት ሴሎች ግራና ቀኝ ሆነው ይጠብቁታል። ንጋት ላይ ብርሃን ሲያርፍባቸው ሃይድሮጅን አዮን ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ በዚህ በሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ጉልበት ፖታሲየም ይገባል። ውሃ ይከተለዋል፤ ሴሎቹ ይወጠራሉ፤ ቀዳዳው ተከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባል። አፈሩ ሲደርቅ አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሆርሞን ፖታሲየሙን ያስወጣል፤ ሴሎቹ ይላላሉ፤ ቀዳዳው ተዘግቶ ውሃ ይቆጠባል።

ሩዝ ከአፈር የሚወስደው ፖታሲየም አብዛኛው የሚቀረው ገለባው ውስጥ ነው። ከብቶቹ ሲበሉት ደግሞ በብዛት በሽንታቸው ይወጣል። ስለዚህ ሽንት የጠጣውን ጉዝጓዝ ከፍጉ ጋር ወደ ማሳው ይመልሱ። የአሮጌ ቅጠሎች ጫፍና ጠርዝ ቢጫ፣ ቀጥሎም ቡናማ ከሆነ ፖታሲየም አንሶ ሊሆን ስለሚችል አፈርዎን ያስመርምሩ፤ የፎገራ ብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ባለሙያዎችንም ያማክሩ።