ምች ነው ወይስ ወባ? ስለ ምች የምትጠይቁኝ 6 ጥያቄዎች



በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች ውስጥ በጣም የሚደጋገመው ስለ ምች ነው። «ዶክተር፣ ምች በሕክምና አለ?»፣ «ሽንኩርት ልጬ ፀሐይ ላይ ብወጣ እውነት ይመታኛል?»፣ «ዳማከሴ ይሠራል ወይስ ወሬ ነው?» ትሉኛላችሁ። አንዳንዶቻችሁማ «እንዳትስቅብኝ» ብላችሁ ነው የምትጀምሩት። አልስቅም! በተለይ ለቆቦ፣ ለሮቢትና ለጎብዬ ሰው ይሄ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ስትሄዱ ይገባችኋል።

1. ምች በሕክምና አለ?

አለም፣ የለምም። ምክንያቱም «ምች» ብለን የምንጠራው አንድ ነገር ብቻ አይደለም።

አንደኛው ከንፈር ላይ ወይም አፍንጫ ሥር ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ቁስል ነው። ይሄ በሕክምና በደንብ ይታወቃል፤ የሚያመጣው ሄርፐስ ሲምፕሌክስ ቁጥር 1 የሚባል ቫይረስ ነው። በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ከሆኑ ሰዎች ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ቫይረሱ በሰውነታቸው ውስጥ አለ። ስለዚህ ከወጣባችሁ አትፈሩ፣ አትፈሩበትም።

ሁለተኛው ድንገት የሚመጣ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ቁርጥማት ነው። ይሄኛው በሽታ ሳይሆን የበሽታ ምልክት ነው። ከጀርባው ጉንፋን፣ ታይፎይድ፣ ግርሻ ወይም ወባ ሊኖር ይችላል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ በጥያቄ 5 እመለስበታለሁ።

2. ቫይረስ ከሆነ ለምን ፀሐይ ሲመታኝ ይወጣል?

ጎበዝ ጥያቄ ነው። ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ በልጅነታችን በመሳሳም ወይም በምራቅ ንክኪ ይገባል። ከዚያ በኋላ ከሰውነታችን ጨርሶ አይወጣም፤ የፊት ነርቭ ሥር ተደብቆ ይተኛል። ኃይለኛ ፀሐይ፣ ትኩሳት፣ ጭንቀት፣ ድካም ወይም የወር አበባ ሲመጣ ይነቃና በነርቩ በኩል ወደ ከንፈር ይወርዳል።

እናቶቻችን «ፀሐይ መታሽ» ሲሉ ከንፈር ላይ የሚወጣውን በተመለከተ ትክክል ነበሩ ማለት ነው። ያላዩት ቫይረሱን ብቻ ነው!

ቁስሉ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ በራሱ ይድናል። መቆጥቆጥ እንደጀመረ አሲክሎቪር መጠቀም ጊዜውን ትንሽ ሊያሳጥረው ይችላል። ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ አትሳሳሙ፤ ቁስሉን ነክታችሁ ዓይናችሁን አትንኩ። አራስ ጥየቃ ስትሄዱ ደግሞ ሕፃኑን በፍጹም እንዳትስሙ። ለእኛ ቀላል የሆነው ቫይረስ ጨቅላን ሊገድል ይችላል።

3. ሽንኩርት ነክቼ ወይም በልቼ ሳልታጠብ ፀሐይ ላይ ብወጣስ?

የሽንኩርት ወይም የምግብ ሽታ ቫይረሱን አይቀሰቅስም፤ ወባም አያመጣም። ግን አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ሎሚ ይህን ያደርጋል! የሎሚ ጭማቂ ቆዳችሁ ላይ እያለ ኃይለኛ ፀሐይ ላይ ከወጣችሁ ቆዳው እንደ ተቃጠለ ሊቀላና ውሃ ሊቋጥር ይችላል፤ ከዚያም ለሳምንታት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። «ታጥበህ ውጣ» የሚለው ምክር ለሎሚ በትክክል ይሠራል።

በቆቦ የቀትር ፀሐይ ውለው ራስ ምታትና ማዞር ከጀመራችሁ ደግሞ የሙቀትና የውሃ እጥረት ድካም ሊሆን ይችላል። ጥላ ገብታችሁ፣ ውሃ ጠጥታችሁ፣ ሰውነታችሁን ስታቀዘቅዙ ቶሎ መሻል አለበት። ሰውነቱ ግሎ የሚዘባርቅ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ግን በአስቸኳይ ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት።

4. ዳማከሴ ይሠራል?

የሀገራችን ተመራማሪዎች የዳማከሴን ቅጠል ጭማቂ በአይጦች ላይ ሞክረው ትኩሳት የማውረድ አቅም እንዳለው አሳይተዋል። ስለዚህ «ወሬ ነው» አልልም። አይጥ ላይ የሠራ ሁሉ ግን ሰው ላይ ይሠራል ማለት አይደለም።

ትልቁ ነጥብ ይሄ ነው፦ ትኩሳትን ማውረድና በሽታን ማዳን ይለያያሉ። ፓራሲታሞልም ትኩሳት ያወርዳል፤ የወባን ተሕዋሲ ግን አይገድልም። ዳማከሴ ጠጥታችሁ አልቧችሁ ቀለል ቢላችሁ ወባው ሄዷል ማለት አይደለም። የወባ ትኩሳት በራሱም መለስ ቀለስ የሚል ነው፤ ጠዋት ቀሎት ማታ ይንቀጠቀጣል። ለሕፃናት ደግሞ ጭማቂውን በአፍንጫ አትጨምሩ፤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

5. ታዲያ ትኩሳቱ ምች ይሁን ወባ በምን ልለየው?

በስሜት አይለይም። እኔም ዓይቼ ብቻ አልለየውም! የሚለየው የደም ምርመራ ነው።

«ግን እኮ ከንፈሬ ላይ ወጥቶብኛል፤ ምች ለመሆኑ ይሄ ማስረጃ አይደለም?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ቅድም እንዳልኩት የተኛውን ቫይረስ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ትኩሳት ነው። ወባ ራሱ ትኩሳት አምጥቶ ከንፈራችሁ ላይ ያንን ቁስል ሊያወጣው ይችላል። ማለትም «ምች ነው» ያሰኛችሁ ቁስል ወባው ያመጣው ሊሆን ይችላል።

ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በሀገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ደግሞ ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ ይበረታል። ያ ወቅት ማሽላ የሚጠበቅበት፣ ሰውም በሙቀቱ ውጭ የሚያድርበት ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. በሀገራችን የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ወደ 150 ሺህ የሚገመት ሰው ገድሏል። ያለፈ ታሪክ እንዳይመስላችሁ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን ተመዝግበው ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ካልታከመ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ወደ ከባድ ሕመም ሊለወጥ ይችላል። «ሦስት ቀን በዳማከሴ እንሞክረው» የሚባለው ያንን ወሳኝ ጊዜ ይበላዋል።

6. ወባ ታክሜ ድኜ ነበር፤ ከወራት በኋላ ለምን ተመለሰብኝ?

አዲስ የወባ ትንኝ ነድፋችሁ ሊሆን ይችላል። ሌላው ምክንያት ግን ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ነው። እሱ ልክ እንደ ከንፈሩ ቫይረስ መደበቅ ይችላል፤ የሚደበቀው ግን ጉበት ውስጥ ነው። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያለ አዲስ ንድፊያ ይነሳል። ክሎሮኪን ደም ውስጥ ያለውን ይገድላል፤ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን የሚያጠፋው ፕሪማኪን ነው። ስለዚህ ፕሪማኪን ከታዘዘላችሁ «ድኛለሁ» ብላችሁ አታቋርጡ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ግን ለባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። እየወሰዳችሁ ሽንታችሁ እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁማችሁ ወዲያው ተመለሱ።

በአጭሩ ምን እናድርግ?

- ቆላ የሚኖር ወይም ከቆላ የተመለሰ ሰው ካተኮሰው በዚያው ቀን ይመርመር። በጤና ኬላ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። ወደ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ከሄዳችሁ በኋላ ካመማችሁ «ቆቦ ነበርኩ» ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።
- ውጤቱ «ወባ የለም» ቢልም ትኩሳቱ ከቀጠለ በማግሥቱ ተመልሳችሁ ተመርመሩ። «ወባ የለም» ማለት «ምች ነው» ማለት አይደለም።
- መዘባረቅ፣ ማንቀጥቀጥ፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ መጠጣት አለመቻል፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር ወይም የትንፋሽ ማጠር ካያችሁ ለሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱ። ነፍሰ ጡርና ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ካተኮሳቸው ምንም መጠበቅ አያስፈልግም።
- ማሽላ ጥበቃ ውጭ የምታድሩ አጎበራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

እማማ ዳማከሴውን ጨምቀው ከቡና ጋር ቢሰጧችሁ አትጣሏቸው። «እሺ እማማ፣ መጀመሪያ ግን ደሜን ልታይ» በሏቸው። ከተቻለ እሳቸውንም ይዛችኋቸው ሂዱ!

ይህን ለቤተሰባችሁ፣ በተለይ ገጠር ላሉት አንብቡላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ «የማይረባ» የምትሉትንም ጭምር።

መልካም ጤና!