ይቅርታሽን ማን ማን ሰማው?

ደብዳቤው የመጣው ከዳንግላ ነው። ጸሐፊዋና ታላቅ እህቷ ከአባታቸው በወረሱት የፋግታ ለኮማ ማሳ ላይ ለከሰል የሚሆነውን የዲከረንስ ዛፍ ተክለው ነበር። ጸሐፊዋ ልጇን ለማሳከም ባሕር ዳር ሰንብታ ስትመለስ ዛፉ የለም፤ እህቷ በቁሙ ለከሰል ነጋዴ ሸጣ ገንዘቡንም ጨርሳዋለች። ጸሐፊዋ ይቅር ብያለሁ ትላለች፤ እህቷ ግን ሰላምታዋን እንኳ አትመልስም። ጥያቄዋ አጭር ነው፦ «እሷ እርቅ እምቢ ብላ ሳለ እኔ ለፋሲካ ብቆርብ ኃጢአት ይሆንብኛል?» ማንነቷን ሊያስታውቁ የሚችሉ ነገሮችን ቀያይሬአለሁ።

እህቴ፣

የቁርባኑን ነገር የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። እሳቸው ያውቁታል፤ ሥልጣኑም የእሳቸው ነው። እኔን ደብዳቤሽን ሳነብ የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ ከቁጣሽ መሀል ሾልኮ የወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር። «ይቅር እንዳልኳት አጥቢያው በሙሉ ያውቃል» ብለሻል።

አጥቢያው በምን አወቀ?

እህትሽ አልተናገረችም። የከሰል ነጋዴውም ከሰሉን ጭኖ ሄዷል፤ የእናንተ ውርስ ምን ገዶት! የቀረሽው አንቺ ነሽ። ራስሽም ጽፈሽዋል፤ መጀመሪያ ለጎረቤትሽ፣ ቀጥሎ ለጽዋ ማኅበሩ ሴቶች፣ ከዚያ ለእድሩ ጸሐፊ። ለአንዳቸውም «እህቴ ከዳችኝ» አላልሽም። እንዲያ ብትይ ሐሜት ይሆን ነበር፤ አንቺ ደግሞ ሐሜት አትወጂም። «ይቅር ብያታለሁ» ነው ያልሽው። ይህን የሰማ ሰው «ምን አድርጋሽ?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ዛፉም፣ ነጋዴውም፣ የታመመው ልጅም፣ ባዶው ማሳም ተራ በተራ ይመጣሉ። አንቺ ትመረቂያለሽ፤ የእሷ ገመና ይወጣል።

ከሰሚዎቹ አንዷ የእህትሽ አማት ናቸው። ይህን እንደ ቀላል ነገር ጣል አድርገሽው አለፍሽ፤ እኔ ግን እዚያ ላይ ብዙ ቆየሁ። ባሏ በዕዳ ባጃጅ ገዝቶ መክፈል እንዳቃተውም ያነሣሽው በግማሽ መስመር ነው። እንግዲህ ነገሩን አገጣጥመሽ እዪው። እህትሽ የባሏን ዕዳ ልትሸፍን ያንቺን ድርሻ ነካች። በደል ነው፤ አላቃለውም። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሀል ጤፍ ተዘርቶበት፣ ታርሞ፣ ከከብት ተጠብቆ፣ አራት አምስት ዓመት ታግሠውት የሚደርስ ዛፍ ለአንድ ቤት ቀላል ሀብት አይደለም። ልጅሽ አልጋ ይዞ ሳለ ለአንቺም የሚያስፈልግሽ ገንዘብ ነበር። ብትናደጂ እውነትሽን ነው። ነገር ግን እሷ ያን ጥፋት ያጠፋችው የባሏ ቤተሰብ ጉዱን እንዳያውቅ ብላ ነው። አማቷ ደግሞ ጸበል ጸዲቁ እየተቆረሰ ከአንቺ አፍ ሰሙት።

ይህ ከሆነ በኋላ ነው እንግዲህ በቅዳሴ መሀል ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ባለ ጊዜ ወደ እሷ ዞረሽ እጅ የነሳሽው። እሷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ዝም አለች። «በሰው ፊት አዋረደችኝ» ትያለሽ። በሴቶች በኩል የቆመው ሰው ሁሉ ታሪኩን ያውቃል። እጅ ብትነሳሽ «ጥፋቷን አመነች» ይባላል፤ ባትነሳሽ «ልበ ደንዳና» ትባላለች። ነጠላዋን ከመሳብ በቀር ምን መላ ነበራት? ጥር 23 ለፈረሰኞቹ በዓል በየዓመቱ እንጅባራ አብራችሁ ትሄዱ እንደነበርና ዘንድሮ ግን «ኩራቷ እንዳስቀራት» ጽፈሻል። ኩራተኛ ሰው ለብሶ፣ አምሮ፣ ሰው በሚያየው ቦታ ይቀመጣል እንጂ በበዓል ቀን ቤቱን ዘግቶ አይውልም። ያስቀራት ሐፍረት ነው። አፍራ ቤቷን የዘጋችን ሴት ነው ኩራተኛ ያልሽብኝ።

ዮሴፍን ጠቅሰሽልኛል። ደግ አደረግሽ፤ እኔም ዮሴፍን እወደዋለሁ። ግን ዘፍጥረት 45ን ከመጀመሪያው አንብቢው። ዮሴፍ ማንነቱን ለወንድሞቹ ከመግለጡ በፊት በፊቱ የቆሙትን ግብጻውያን በሙሉ አስወጣ። ልቅሶው ደጅ ድረስ ተሰምቷል፤ ለፈርዖን የደረሰው ወሬ ግን የዮሴፍ ወንድሞች መጡ የሚል ብቻ ነው። ስለ ጉድጓዱና ስለ ሽያጩ ለፈርዖን የተነገረ ነገር አናነብም። ከዚያ በፊት ወኅኒ ቤት ሳለ፣ ምሬት ቢያናግረው ማንም በማይፈርድበት ጊዜ እንኳ፣ ለጠጅ አሳላፊው ከዕብራውያን አገር ተሰርቄ መጣሁ አለው እንጂ ወንድሞቼ ሸጡኝ አላለውም። ወንድሞቹ በኋላ በጌሤም ቀና ብለው የኖሩት ለዚህ ይመስለኛል። ጌታም በማቴዎስ 18 ያዘዘው መጀመሪያ አንቺና እሷ ብቻችሁን እንድትነጋገሩ ነው፤ አልሰማ ካለች አንድ ወይም ሁለት ሰው ይጨመራል፤ ጉባኤው በመጨረሻ ነው። አንቺ ከመጨረሻው ጀመርሽ። በዚህ ሁሉ ጽሑፍሽ ውስጥ ከእሷ ጋር ለብቻችሁ የተቀመጣችሁበትን አንድ ከሰዓት ፈልጌ አጣሁ።

በአደባባይ ለሚታወጅ ይቅርታ ትዕግሥት የለኝም፤ ይታወቅልኝ። ፌስቡክ ላይ «የበደላችሁኝን ሁሉ ይቅር ብያችኋለሁ» ብሎ የሚለጥፍ ሰው ሳይ የማዝነው ስሙ ላልተጠራው በዳይ ነው፤ መላው ዘመድ ማን እንደሆነ ያውቀዋላ!

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ የአገር ቤቱና የስደቱ ሲኖዶስ ሲታረቁ ትዝ ይልሻል። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ተወጋግዘው የኖሩት አባቶች ውግዘቱን ያነሡት ከሁለቱም ወገን ነው። ይቅር ባይ ማን፣ ይቅር ተባይ ማን ብለሽ ብትጠይቂ የሚለይልሽ የለም። አቡነ መርቆሬዎስ ሐምሌ 25 ቀን አገራቸው ሲገቡ የገቡት ፓትርያርክ ተብለው ነው፤ አስተዳደሩን አቡነ ማትያስ፣ ጸሎትና ቡራኬውን እሳቸው ይዘው። ቤተ ክርስቲያናችን ከዚያ ወዲህ ሌላ ፈተና አልገጠማትም አልልሽም። ግን ያን ዕለት አንዱ ለሌላው ማሪ ሆኖ አልቀረበም። አንቺ ግን እህትሽን የጠራሻት ጎንበስ ካላለች በማትገባበት በር ነው።

ደግሞ ታላቅሽ ናት። «እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እንዴት እንዲህ ታደርገኛለች?» ብለሻል። እኔም ይህንኑ ልጠይቅሽ ነው። ታናሽ ታላቋን በማኅበርተኞቿ ፊት «ምሬያታለሁ» እያለች ስታወራ፣ አዝላ ያሳደገች ሴት ምን ይሰማታል? ብትከሻት ይሻላት ነበር። ዕዳው ተቆርጦ፣ ከፍላ፣ በቃኝ ብላ ቀና ትል ነበር። ለዚህ ይቅርታሽ ግን የምትከፍልሽ ነገር የላትም፤ አንቺ ስትመሰገኚበት መስማት ብቻ ነው ድርሻዋ። ይቅር አላልሽም አልልም፤ ልብሽን የሚያየው ፈጣሪ ነው። እኔ የማየው ድርሻሽን በገንዘብ ትተሽ በምርቃት እየሰበሰብሽው መሆኑን ነው።

የዛፉን ሒሳብ ሁለታችሁም የምታከብሯቸው አንድ ሽማግሌ ባሉበት ወረቀት ላይ አስፍሩትና ቀስ እያለች ትክፈልሽ።

ከዚያ በፊት ግን ሄደሽ አግኛት። ሽማግሌም፣ ቄስም፣ ጎረቤትም ሳታስከትዪ፣ ባሏ በባጃጁ በወጣበት ሰዓት። የዛፉን ወሬ አታንሺ፤ እሷ ካነሣችውም «እሱ ይደርሳል» በያት። ስለ አማቷ ተናገሪ። «አፌን አልጠበቅሁም፤ እታለም፣ ይቅር በይኝ» በያት። በደብዳቤሽ ሁሉ «እሷ» እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ «እታለም» አላልሻትም፤ ልጅ ሳለሽ እንዲያ ብለሽ ትጠሪያት እንደነበር እገምታለሁ። እግሯን መሳም ካስፈለገም ሳሚ። ላትቀበልሽ ትችላለች። ዛሬ አልችልም ብትልሽ መብቷ ነው፤ ሌላ ቀን ተመልሰሽ ትሄጃለሽ።

ስትወጪ ጎረቤት «እንዴት ሆናችሁ?» ካለሽ «ደህና ነን» ብለሽ እለፊ። ይህን ገጽም ለማኅበሩ ሴቶች እንዳታሳዪ።