ከፍ ያለ ዞኮሎ ለሚቆርጥ ወጣት አናጢ

ልጄ፣ የጭቃ ግድግዳን እግር መጥረጊያ፣ ውኃና የወንበር እግር ይበሉታል። ለዚህም 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ዞኮሎ፣ ማለትም የግድግዳ እግር ሳንቃ፣ አዙርልኝ የሚል ደንበኛ ቢመጣብህ አልፈርድበትም። አንተ ግን መጋዝህን ከማንሳትህ በፊት ይህን ያዝ።

1. ቱንቢ ጣል። በጋይንትም በእስቴም የእንጨትና የጭቃ ቤት ግድግዳ ልስን ያሳምረዋል እንጂ ቀጥ አያደርገውም። በአንድ ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ያዘመመ ግድግዳ፣ በ7 ሴንቲ ሜትር ዞኮሎ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በ20ው ላይ ግን 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ያንን ክፍተት እንግዳ ከበር ላይ ቆሞ ያየዋል። መጋዝ የሚመረጠው ይህ ከታወቀ በኋላ ነው።

2. እንጨቱን አድርቅ። አገሩን የሞላው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የገባ እንግዳ ነው። ለማገርና ለምሰሶ ውለታው ብዙ ነው፤ ለሳንቃ ግን ተንኮለኛ ነው፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል። የፈረንጅ ጥድ ይሻላል፤ ዋንዛ ካገኘህማ ታድለሃል። የትኛውም ቢሆን በሚገጠምበት ቤት ውስጥ፣ በየመካከሉ ስንጥር እያስገባህ ደርድረህ ጥቂት ሳምንት አቆየው። እርጥቡን በነሐሴ ቆርጠህ ብትመታው በጥር መጋጠሚያው አፉን ይከፍታል።

3. የመቁረጫ ማሽን ልትገዛ ስትሄድ ሻጩ የምላጩን ስፋት ይነግርሃል። አንተ የምትጠይቀው ሌላ ነው፦ ሳንቃውን አቁሞ እስከ ስንት ይቆርጣል? ባለ 10 ኢንች ምላጭ፣ ማለትም 254 ሚሊ ሜትር፣ ትልቅ ይመስላል። ግን ከዘንጉ በታች ያለው ግማሹ ብቻ ነው፤ ከእሱም ላይ ማሰሪያው ይቀንሳል። ስለዚህ ቆሞ የሚቆረጥለት ሳንቃ ብዙውን ጊዜ 10 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። 20ውን አስተኝተህ፣ ምላጩን 45 ዲግሪ አጋድመህ ነው የምትቆርጠው። ለዚህም በሐዲድ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ዓይነት ያስፈልግሃል፤ እሱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ይቆርጣል። ዋጋው ከከበደህ በእጅ የሚያዘው ክብ መጋዝ ይበቃሃል፦ የ185 ሚሊ ሜትር ምላጭ በ45 ዲግሪ ሲጋደም 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጠልቃል፤ ለ2 ሴንቲ ሜትር ሳንቃ ይተርፋል። ቀጥ ያለ ጣውላ በሞርሳ አስረህ እሱን አስደግፈው። ባለ 24 ጥርሱ ምላጭ ለመሰንጠቅ ነው፤ አንተ 40 ወይም ከዚያ በላይ ያለውን ግዛ። አንድ ነገር ልብ በል፦ በእጅ የሚያዘው ክብ መጋዝ ከታች ወደ ላይ ነው የሚቆርጠው፤ የሳንቃውን መልካም ፊት ወደ ታች አድርግ። በሐዲድ በሚንሸራተተው ማሽን ደግሞ ወደ ላይ። ይህን ሻጭ አይነግርህም። ምላጩም ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ሱቅ የሚገኝ ልክ ይሁን፤ ወገዳ ላይ ተቀምጠህ ብርቅ ምላጭ ብትሰብር ሥራህ ቆመ ማለት ነው።

4. እኔ የምወደው ግን የእጅ መጋዝን ነው። መብራት ቢሄድም ይሠራል። ጀርባው ላይ ብረት ያለበት አጭሩ መጋዝ ሳንቃው ቆሞ ሲቆረጥ ብረቱ ስለሚያግደው ከፍ ላለ ዞኮሎ አይሆንም። ጀርባ የሌለው፣ በአንድ ኢንች ከ10 እስከ 12 ጥርስ ያለውን ምረጥ። ሴጌቶ ለብረት ነው፤ ተወው። ጥርሶቹ በተራ ግራና ቀኝ ካልተከፈቱ ምላጩ እንጨቱ ውስጥ ይታነቃል፤ ሲደንዙም ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ይዘህ ራስህ ሳል። መስመሩን በእርሳስ ሳይሆን በስለት፣ በፊቱም በጠርዙም ላይ ጫር፤ ስለቱ የእንጨቱን ቃጫ ቀድሞ ስለሚበጥሰው ጠርዙ አይላጥም። መጀመሪያ ወደ ራስህ ጎትተህ አስይዝ፣ ከዚያ ሁለቱን መስመሮች እያየህ ረጋ ብለህ ግፋ። ከመስመሩ ውጭ ቁረጥ፤ የተረፈውን ፒያላ ይጨርሰዋል።

5. ወደ ውጭ የወጣውን ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው ብለህ አትመነው። ወለሉ ላይ ካርቶን ዘርጋ። የዞኮሎ ቁራጭ በአንደኛው ግድግዳ፣ ቀጥሎም በሁለተኛው አስጠግተህ በውጭ ፊቱ በኩል መስመር አስምር። ከግድግዳው ማዕዘን ሁለቱ መስመሮች እስከተቋረጡበት ነጥብ ያለው መስመር ትክክለኛው ቁርጥህ ነው። ግድግዳው ካዘመመ በ20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይም ድገመው።

6. ወደ ውስጥ የገባውን ማዕዘን ግን በ45 አታጋጥም። አንዱን ሳንቃ ቀጥ አድርገህ ቆርጠህ እስከ ማዕዘኑ አስገባው። ሁለተኛውን በ45 ቁረጥ፤ ፊቱ ላይ የወጣውን ጠርዝ በቀጭን ምላጭ እየተከተልህ፣ ምላጩን ወደ ጀርባ ትንሽ እያዘነበልህ ቅረጸው። ያኔ የፊተኛውን ቅርጽ ይዞ ይቀመጣል፤ እንጨቱ ቢኮማተርም ክፍተቱ ብዙ አይታይም።

7. ጋቢህን አውልቅ። ጉና ሥር እንደምትሠራ አውቃለሁ፣ ብርዱም ይታወቃል፤ ግን ከሚሽከረከር ምላጭ አጠገብ ጋቢም ፎጣም አይቀርብም። መነጽር አድርግ። አሮጌ ጣውላ ከሆነ አስቀድመህ ምስማሩን ፈልግ።

8. ወደ ስማዳ ቆላ ስትወርድ ምስጥ አለ። የዞኮሎውን ታችኛ ጠርዝ ከወለሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ አድርገህ ምታ። የቆረጥኸውንም ጫፍ ሁሉ ከመምታትህ በፊት ቫርኒሽ አጠጣው፤ እርጥበት በብዛት የሚገባው በጫፉ በኩል ነው።