የተጀመረ ሥራ ወይ ይፈጸም ወይ ይመለስ
(ስለ ትራንዛክሽንና ስለ ሴሽን)

ባለፈው ዓመት በሁለተኛው መንፈቅ በክፍላችን ሰሌዳ ላይ የባለ ዕዳዎች ስም ዝርዝር ተለጥፎ ነበር። እዚህ ሶዶ እንደ ሌላውም ቦታ መጻሕፍት ውድ ስለ ሆኑ ገንዘብ አዋጥተን ፎቶኮፒ እናስባዛለን፤ ሒሳቡንም እኛው በሠራናት አንዲት ትንሽ የዌብ ገጽ እንይዝ ነበር። ከተለጠፉት ስሞች አንዱ የአንዲት እህታችን ነበር። «ከፍያለሁ» ብትል የሚሰማት አልተገኘም፤ «ኮምፒዩተሩ አልከፈልሽም ይላል» አልናት። ሁለት ሳምንት አንገቷን ደፍታ ከሰነበተች በኋላ መዝገቡ ቢመረመር፥ 300 ብር መክፈሏ በአንደኛው ሠንጠረዥ ተጽፎ፥ ዕዳዋ ግን በሁለተኛው ሠንጠረዥ ላይ ሳይቀነስ ተገኘ። በሁለቱ ጽሕፈቶች መካከል መብራት ጠፍቶ ነበርና።

ጥፋቱ የመብራቱ አልነበረም፤ የእኛ ነበር። መብራት እንደሚጠፋ እያወቅን ሥራው የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ለማሽኑ አልነገርነውም። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል፤ ዳሩ ግን እኩሌታው ብቻ ከተጻፈ የሚወረሰው ስሕተቱ ነው። ስለዚህ እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ዘግይተን የተማርነውን፥ እንደ እኛ ላሉ ጓደኞቻችን በቀላል አነጋገር ልናካፍል ወደድን።

1. ትራንዛክሽን ምንድን ነው?

የወላይታ ሰው ለነገሩ እንግዳ አይደለም። በመስከረም ለሚከበረው ለጊፋታ በዓል ጎረቤታሞች በቡድን ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ከርመው፥ በዓሉ ሲቃረብ በጋራ በሬ ይገዛሉ። ለምሳሌ ያህል 8 ሰዎች እያንዳንዳቸው 10,000 ብር አዋጥተው አንዱን ወደ ቦዲቲ ገበያ ላኩት እንበል። በሬው ከተገኘ 80,000 ብሩ ወጥቶ በሬው ይገባል፤ ካልተገኘ ገንዘቡ ሳይጎድል ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። ሁለቱም ሰላም ነው። ገንዘቡ ወጥቶ በሬው ያልገባበት ሦስተኛ ነገር ግን ጠብ ነው።

ትራንዛክሽን ማለት ይህን ሦስተኛ ነገር የሚከለክል ውል ነው። ብዙ ጽሕፈቶች እንደ አንድ ሥራ ይቆጠራሉ፤ ሁሉም ሲሟሉ «ኮሚት» ተብሎ ይጸድቃሉ፥ አንዱ ቢጎድል «ሮልባክ» ተብሎ ሁሉም እንዳልነበሩ ይሆናሉ። አሜሪካዊው ሊቅ ጂም ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1981 ይህን ሐሳብ አብራርቶ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ ሄርደርና ሮይተር የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት ጠባዮቹን አራት ብለው ሰየሙ። እነዚህም ሥራው አለመከፈሉ፥ የመዝገቡ ሕግ አለመፍረሱ፥ የአንዱ ሥራ ከሌላው አለመደባለቁ፥ የጸደቀውም መብራት ቢጠፋ እንኳ መጽናቱ ናቸው።

ታዲያ እኛን ምን አሳተን? የተጠቀምንበት ጃንጎ የተባለው ማዕቀፍ፥ ካልታዘዘ በቀር እያንዳንዱን ጽሕፈት ለየብቻው ወዲያውኑ ያጸድቃል። ክፍያው ለብቻው ጸደቀ፤ የዕዳው ቅነሳ ተራው ሳይደርስ ቀረ። መድኀኒቱ ሁለቱን ጽሕፈቶች «አቶሚክ» በሚባለው አጥር ውስጥ ማስገባት ብቻ ነበር። ነገር ግን በአጥሩ ውስጥ የተነሣውን ስሕተት ፕሮግራሙ እዚያው ይዞ ዝም ካሰኘው፥ ማዕቀፉ ሁሉ ደኅና መስሎት እኩሌታውን ሊያጸድቅ ይችላል። በጃቫ የሚሠራበት ስፕሪንግም እንዲሁ ካልታዘዘ በቀር ለአንዳንድ ዓይነት ስሕተቶች ብቻ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ለሌሎቹ ያጸድቃል። እንግዲህ የማዕቀፉን ልማድ ሳያውቁ መተማመን አይገባም።

2. ሴሽን ምንድን ነው?

ይህ ቃል ሁለት ነገር ስለሚባልበት ያደናግራል። አንደኛው ተጠቃሚው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሰጥቶ ከገባበት እስከ ወጣበት ድረስ ያለው ጊዜ ነው። እኛ የምንናገረው ስለ ሁለተኛው፥ ፕሮግራሙ ከመረጃ ቋቱ ጋር ስለሚያደርገው ንግግር ነው። በባንክ መስኮት ፊት እንደ መቆም ይቆጠራል፤ ቀርበው ጉዳይዎን ይናገራሉ፥ ፈርመው ይጨርሳሉ፥ መስኮቱን ለሚቀጥለው ሰው ይለቃሉ።

በዌብ ሥራ የተለመደው ደንብ ለአንድ ጥያቄ አንድ ሴሽን ነው፤ ጥያቄው ሲመጣ ይከፈታል፥ መልሱ ሲሰጥ ይዘጋል። ኤስኪውኤል አልኬሚ በተባለው መሣሪያ ኮሚት ማለት ከተረሳ፥ ሴሽኑ ሲዘጋ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ሴሽኑን መዝጋት ከተረሳ ደግሞ መስኮቱ እንደ ተያዘ ይቀራል። መሣሪያው ካልተለወጠ በቀር 5 ግንኙነቶችን በዝግጁነት ይይዛል፤ ሲጨናነቅ 10 ይጨምራል። 16ኛው ጠያቂ 30 ሰከንድ ጠብቆ ስሕተት ይቀበላል። በምዝገባ ቀን «ሲስተሙ ቆሟል» ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ ማሽኑ ሳይደክም መስኮቶቹ ሳይለቀቁ ቀርተው ነው።

3. ሁለት ሰው በአንድ መዝገብ

በሣጥኑ 500 ብር አለ እንበል። ሁለት ገንዘብ ያዦች በአንድ ጊዜ መዝገቡን ከፍተው 500 አነበቡ። አንዱ 100 ጨምሮ 600 ጻፈ፤ ሌላው 200 ጨምሮ 700 ጻፈ። መዝገቡ 700 ይላል፥ በሣጥኑ ያለው ግን 800 ነው። ሁለቱም ሐቀኞች ሳሉ 100 ብር ከመዝገቡ ጠፋ። ትራንዛክሽን መኖሩ ብቻ ይህን ሁልጊዜ አይከለክልም፤ ፖስትግሬስ የተባለው ቋት በተለመደው ደረጃው እንዲህ ያለውን ያሳልፋል። ስለዚህ የሚያነበው ሰው እስኪጨርስ መስመሩን መቆለፍ፥ ወይም «ባለው ላይ 100 ጨምር» ብሎ ቋቱን ራሱን ማዘዝ ያስፈልጋል።

4. የማይመለስ ነገር

ሮልባክ የሚመልሰው በቋቱ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። «ተከፍሏል» የሚል የስልክ መልእክት ከተላከ በኋላ ሥራው ቢሰረዝ መልእክቱ አይመለስም፤ ስለዚህ መልእክት ከኮሚት በኋላ ይላካል። ደግሞም ኔትወርክ ተቋርጦ መልሱ ሲቀርበት ሰው ያንኑ ቁልፍ ደግሞ ይጫናል። እንደ ቴሌብር ባሉ አገልግሎቶች መክፈል ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተስፋፋባት አገራችን ይህ የየዕለት ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ መለያ ቁጥር ከተሰጠውና ቋቱ ያንኑ ቁጥር ሁለት ጊዜ አልቀበልም ካለ፥ ሰውየው አምስት ጊዜ ቢጫን የሚከፍለው አንድ ጊዜ ነው።

5. ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ምን እንማር?

መጋቢት 6 ለ7 ቀን ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን የማያስታውስ ተማሪ የለም። በሥርዓቱ ላይ በደረሰ እክል ሰዎች በሒሳባቸው ከሌለ ገንዘብ አወጡ፤ በየዩኒቨርሲቲው ያሉ የገንዘብ ማሽኖች በተማሪ ሰልፍ ተጨናነቁ። ባንኩ አላግባብ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ገለጸ፤ ጥቂት ቆይቶም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ አወጣ። የእክሉን ዝርዝር መተንተን የእኛ ሥራ አይደለም። የምናስተውለው ግን ይህ ነው፤ የማሽን መዝገብ ሲሳሳት ያልተሰጠን ገንዘብ የራሳቸው ያስመሰለባቸው ሰዎች እንዳሉ ሁሉ፥ የከፈለችውን እህት ባለ ዕዳ ያደረገባት መዝገብም አለ። በሁለቱም ጊዜ ማሽኑ ያለው ሁሉ እውነት ተደርጎ ተወሰደ።

እንግዲህ የማኅበር፥ የዕቁብ ወይም የዕድር ሒሳብ በኮምፒዩተር የምትይዙ ጓደኞቻችን፥ ፕሮግራሙን የሠራላችሁን ሰው ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ሥራው በመካከሉ ቢቋረጥ ምን ይሆናል? ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቢጽፍስ? አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ ቢላክስ? መልስ ካጣ ሒሳቡን በወረቀት መያዝ ይሻላል።

እኛም የይቅርታ ጽሑፍ በዚያው ሰሌዳ ላይ ለጥፈናል፤ እህታችንም ተቀብላናለች። የዚያ የሁለት ሳምንት ኀፍረት ግን በሮልባክ አይመለስም። ከእንግዲህ የባለ ዕዳ ስም ከመለጠፉ በፊት ሁለት አባሎች የክፍያውን ሠንጠረዥና የዕዳውን ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አድርገው እንዲያመሳክሩ፥ ባለ ስሙም ተጠርቶ እንዲጠየቅ ወስነናል።